የማያልቀው የዶሮቲ ናፍጣ

ናፍጣ ሲሸተኝ ይርበኛል። ለሰው ብናገረው ስለማይገባው ዝም እላለሁ። ኦበርን ከተማ በምሠራበት መጋዘን በር ላይ ትላልቆቹ የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተደርድረው ሲቆሙ ሌላው ሠራተኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሾፌር መሬት ላይ ትንሽ ናፍጣ አፍስሶ ሽታው ቢሮዬ ድረስ ገባ። ቁርሴን በልቼ መምጣቴ ነበር። ሆዴ ግን ምን ገዶት፣ ጮኸ። እኔም ወንበሬ ላይ ተደገፍኩና በሐሳቤ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ዶሮቲ ሄድኩ።

ዶሮቲ የአባቴ ጀልባ ናት። እናቴ ግን "ጣውንቴ" ነበር የምትላት። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ቀለም የነካካውን ሱሪውን ሲያጠልቅ፣ "ጣውንቴ እንዴት አደረች? ዛሬስ ምን አማራት?" ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አሮጊቷ ጀልባ ከቤታችን ያልወሰደችው ነገር አልነበረም። የአባቴን ቅዳሜ ወስዳለች፣ ወገቡን ወስዳለች፣ ደህና ደህናውን ፎጣችንን ሁሉ ወስዳለች። እኛ ቤት ፎጣ ከጠፋ አይፈለግም፤ የት እንዳለ ይታወቃል።

አባቴ ታደሰ ድሮ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከብ መካኒክ ነበር። ሲያትል ስንገባ ጀልባ የሚጠግኑበት ቤት ተቀጠረ። እዚያ የተዋወቀው አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ለዓመታት ታስራ የቆመችውን የእንጨት ጀልባውን "እዚህ ከምትበሰብስ አንተ ውሰዳት" ብሎ ተወለት። ስሟ ከኋላዋ በነጭ ቀለም ተጽፎ ነበር። ሌላ ስም እናውጣላት ስለው አባቴ ተቆጣኝ። በዚህ ዕድሜዋ ስሟን ብንቀይረው ስንጠራት አትሰማንም አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ያኔ አባቴ ያለኝን ሁሉ አምን ነበር።

እናቴ ግን አንድ መስከረም ላይ ማመኗን አቆመች። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮቲ ላይ ይዟት ወጣ። እሷም ሠርግ የተጠራች ይመስል ተረከዝ ያለው ጫማዋን አድርጋ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ መጣች። ሌክ ዩኒየን የሚባለው ሐይቅ መሃል ስንደርስ ሞተሩ አነጠሰ፣ ሳለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ዝናቡም ይኼኔውን ሲጠብቅ እንደቆየ ሁሉ ወረደብን። አባቴ ወደ ሞተር ክፍሉ ሮጦ ወርዶ ተመለሰና፣

"ናፍጣ ግማሽ አለ! አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም!" አለ።

እናቴ ምንም አልሆነችም፤ በሰበሰች እንጂ። የተተኮሰው ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጠፈ። አባቴ ሞተሩን ሲለምን፣ ሲሳደብ፣ እንደገና ሲለምን ቆየ። በመጨረሻ አንድ ጢማም ሰውዬ ከነውሻው በሸራ ጀልባ መጥቶ ገመድ ወረወረልንና ጎተተን። በሸራ ጀልባ! የባሕር ኃይል መካኒክ! ዳር የቆሙ ሰዎች አጨበጨቡልን። እኔ ያደነቁን መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው።

እናቴ ከዶሮቲ እንደወረደች ጫማዋን አውልቃ ውሃውን ደፋችና፣ "ሁለተኛ እዚህ ነገር ላይ እግሬን ባሳርፍ ወርቅነሽ አይደለሁም!" አለች።

ያን የሲያትል ክረምት ሙሉ ቤታችን ውስጥ አንድ ክርክር ብቻ ነበር። እናቴ "ናፍጣ አልቆብህ ነው" ትላለች። አባቴ ደግሞ "ግማሽ ነበረ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማጣሪያው ተደፍኖ ነው" ይላል። ነገሩን ያበላሸው ይኼ ነው፤ በተጎተትን ማግስት ማጣሪያውንም ለወጠ፣ ለጥንቃቄ ብሎ ናፍጣም ጨመረ፤ ሞተሩ ሲነሳ ምስጋናውን በሙሉ ለማጣሪያው ሰጠው። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! እናቴም "ታዴ" ማለቱን ትታ "አቶ ታደሰ" ትለው ጀመር። "አቶ ታደሰ፣ ራትዎ ቀርቧል።" "አቶ ታደሰ፣ ስልክ ይፈልጉዎታል።" እኔ ሥራ ቦታው ሹመት የሰጡት መስሎኝ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ።

ሰመር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ቅዳሜም ሆቴል ሥራ ስለምትገባ፣ አባቴ እኔን ወደ ዶሮቲ ይዞኝ ይሄድ ጀመር። ስምንት ዓመቴ ነበር። የሞተር ክፍሉ በጠባብ መሰላል የሚወረድበት፣ አንድ አምፖል ብቻ የሚበራበት፣ ናፍጣና እርጥብ እንጨት የሚሸት ቦታ ነው። ውሃው ከግድግዳው በዚያኛው በኩል ጧ ጧ ሲል ይሰማል። እኔ አንድ ሰው ከውጭ የሚያንኳኳ ይመስለኝ ነበርና አንዳንዴ "ማነው?" እላለሁ።

እዚያ ውስጥ የእኔ ሥራ ቱቦውን ማንበብ ነበር። ከነዳጁ ታንከር ጎን፣ ከላይ እስከ ታች፣ የጣት ውፍረት ያለው የላስቲክ ቱቦ ወርዷል። አባቴ እንዳስረዳኝ ታንከሩ ብረት ስለሆነ ውስጡ አይታይም፤ ቱቦው ግን እንደ ብርጭቆ ስለሆነ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ የቱ ጋ እንደቆመ ቱቦው ውስጥም እዚያው ጋ ቆሞ ይታያል። ይኼ ድሮ ነው። እኔ ስደርስ ቱቦው አርጅቶ፣ ከታች እስከ ወገቡ እንደቆየ ሻይ ጠቁሯል፤ ከወገቡ በላይ ደግሞ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ዓይን መስሏል።

"ቤቲ! ስንት ይላል?" ይላል አባቴ ከላይ ሆኖ።

"ግማሽ!"

"ጎሽ የኔ ልጅ!"

በሚቀጥለው ቅዳሜም "ስንት ይላል?" ነው፤ "ግማሽ!" ነው። ወጥተን እስከ ድልድዩ ሄደን ተመልሰን እንኳ ቼክ ሳደርገው ግማሽ ነው። እኔ በሥራዬ በጣም ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ የራሷ ቤት አልነበራትም። እሑድ ከሰዓት በኋላ አሜሪካኖቹ ሲወጡ የእነሱ ቸርች ምድር ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ምንጣፉ እርጥብ ውሻ ይሸታል። የሕፃናት አስተማሪያችን እትዬ ማርታ ነበሩ፤ ሆሳዕና ከተማ ያደጉ፣ ያለ ማይክራፎን አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ያላቸው ሴት። አንድ እሑድ የመበለቲቱን ታሪክ ነገሩን። ረሃብ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ያለው አንድ እፍኝ ዱቄትና ትንሽ ዘይት ነው፤ ነቢዩ መጥቶ አብዪኝ አላት፤ አበላችው። ከዚያ በኋላ ብትቀዳ፣ ብትቀዳ ዘይቱ አላልቅ አለ።

"አላለቀም!" አሉ እትዬ ማርታ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ። "ነገ ስታየው እዚያው! ከነገ ወዲያ ስታየው እዚያው!"

ፀጉሬ ቆመ። ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። የማውቀውም ሌክ ዩኒየን ላይ፣ በአምፖል ብርሃን፣ በገዛ ዓይኔ ነው።

ከዚያ ትልልቆቹ ጋ ተቀላቀልንና ፓስተሩ "ምስክርነት ያለው?" ብለው ጠየቁ። ሁለት ሰው ስለ መኖሪያ ወረቀታቸው መሰከሩ፣ አንድ ሰው ስለዳነው ወገባቸው። እኔ እጄን አወጣሁ። እናቴ ከመዘምራኑ መሃል ቅንድቧን አነሳች። አባቴ ሽንት ቤት የፈለግኩ መስሎት በሩን ጠቆመኝ። እኔ ግን ወንበር ላይ ቆምኩ።

"የአባዬ ጀልባ ናፍጣ ኔቨር አያልቅም" አልኩ። "ብንሄድም፣ ብንመጣም አያልቅም። ኦልዌይስ ግማሽ ነው። እኔ አይቼዋለሁ።"

"ሃሌ ሉያ!" አሉ እትዬ ማርታ። ምድር ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ። አባቴ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ቀና አላለም። ሌሎቹ መዘምራን መዝሙር ሲያነሱ እናቴ አላነሳችም።

ሲያልቅ እትዬ ማርታ እናቴን በሻይ ወረፋ ላይ ያዟት። "ወርቅነሽ! ቤትሽ እንዲህ ያለ ተአምር እያለ፣ አንቺ ጀልባው ላይ አልወጣም ብለሽ ተቀምጠሻል አሉ?"

"እትዬ ማርታ" አለች እናቴ ስኳሯን እያማሰለች፣ "ያ ተአምር ባለፈው መስከረም ውሃው መሃል ስንቀር የት ሄዶ ነበር?"

እትዬ ማርታ ብርጭቆዋን ተቀብለው ሻይ ጨመሩላት። 

በመኪና ወደ ቤት ተመለስን። ማውንት ቤከር የሚባለው ሰፈር ልንደርስ ስንል እናቴ መስኮቱን እያየች ጀመረች።

"አቶ ታደሰ፣ ሽማግሌ ቢልኩ ይሻል ነበር። ሕፃን ይላካል?"

"ማን ላከ?"

"ናፍጣው አያልቅም የሚለውን ማን አስጠናት ታዲያ? ሰው ፊት! እግዚአብሔር ቤት! ሶ አሁን ውሸታሟ እኔ ነኛ!"

"ወርቄ፣ በልጄ ልማልልሽ፣ እኔ ምንም..."

"በልጅህ እንዳትምል! ልጅህን ነው እያስዋሸሃት ያለኸው!" ንዴቱ ሲበዛባት አንቱታውን ረሳችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ስታለቅስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ።  ስለ ተአምር ተናግሮ እናትን ማስለቀስ እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።

ማታ አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ቤቲ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሁልጊዜ ግማሽ ነው?"

"ኦልዌይስ።"

"እስከ ድልድዩ ሄደን ስንመለስም?"

"አባዬ፣ ኦልዌይስ አልኩህ እኮ። ሚራክል ነው።"

አባቴ ራሱን አከከ። ይህን ሁሉ ጊዜ "ግማሽ" የሚለውን ሲሰማ ደስ እያለው ያልፍ ነበር እንጂ፣ ናፍጣ የምትጠጣ ጀልባ ታንከሯ እንዴት አይጎድልም ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ተአምር አልኩት፤ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ደስ አለው። ከሁለታችን የቱ እንደሚብስ እንጃ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ይዞኝ ወደ ዶሮቲ ሄደ። እኔን ወደ ታች ላከኝና እሱ ከላይ ረጅም ዘንግ በናፍጣ መሙያው አስገባ።

"ቱቦው ስንት ይላል?"

"ግማሽ!"

 ዘንጉን ጠርጎ እንደገና ሲያስገባው ከታንከሩ ወለል ጋር ሲጋጭ ሰማሁት። "አሁንስ?"

"ግማሽ ነው አልኩህ!"

ከላይ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ሲቀመጥ ተሰማኝ። "ወይ ታደሰ" አለ ለራሱ። "ወይ ጉድህ!"

ወጥቼ ሳየው ዘንጉ የረጠበው ከጫፉ ጥቂት ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሽማግሌው አሜሪካዊ ዶሮቲን ለዓመታት አስሮ ሲያቆማት ታንከሯ ግማሽ ላይ ነበር። ናፍጣው እዚያው ቆሞ ቆሞ ቱቦውን እስከ ወገቡ አቀለመው። ከዚያ ወዲህ ናፍጣው ቢሞላም ቢጎድልም እድፉ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እኛ ስናነብ የከረምነው እድፉን ነበር።

አባቴ ወደ ሞተር ክፍሉ ወርዶ ብቻውን ቆየ። በመሰላሉ ሳጮልቅ ከሞተሩ ጋር እያወራ ነው። "አንቺ ትክክል ነበርሽ" ይላል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ወርቄ፣ አንቺ ነሽ ትክክል።" እንደገና ይጠርጋል። እኔ ዶሮቲም ወርቄ የምትባል ሁለተኛ ስም ያላት መሰለኝ። ለካ መለማመዱ ነው።

ማታ እናቴን እንዲህ ብቻ አላት፤ "ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ነይ። ጀልባው ላይ አትወጪም፤ ዳር ቁሚ። አንድ ነገር ላሳይሽ።" እናቴ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። አባቴ ቅዳሜ እስኪደርስ እንቅልፍ አጣ።

ቅዳሜ በጠዋት ገባን። አባቴ ከታንከሩ ሥር ያለውን መዝጊያ ቫልቭ ዘጋ፤ ላይኛውንም ዘጋ፤ ከሥሩ የቡና ጣሳ አስቀመጠ። ቱቦውን ግራና ቀኝ አንቀው የያዙት የብረት ቀለበቶች ፋሼታ ይባላሉ። የታችኛው ፋሼታ ከታንከሩና ከግድግዳው መሃል ስለተሸጎጠ የአባቴ እጅ አይገባም፤ የእኔ ይገባል። ካቻቢቴውን ሰጠኝና የቀለበቱን ብሎን እንዴት እንደማላላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሕፃን ቀዶ ጥገና የምንሠራ ይመስል ነገረኝ። ፈታሁት! ቱቦው ግን አልወጣም፤ ደርቆ ያልበሰለ መኮረኒ ሆኗል። አባቴ ጫፉን በቢላ ሰነጠቀው። የቀረችው ናፍጣ ጣሳው ውስጥ ጠብ ጠብ አለች፤ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው።

አዲሱ ቱቦ ጠርቶ ከጀርባው ያለው የእጄ መስመር ሁሉ ይታያል። ለውሃ የሚሆነው ርካሹ ቱቦ ናፍጣ ሲነካው ወዲያው ስለሚደርቅ አባቴ ለናፍጣ የሚሆነውን ሦስት ሱቅ ዞሮ ነው ያገኘው። በአሮጌው ልክ ቆረጠው፣ ጫፉን ከቴርሞሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ አለሰለሰው፣ ገፋ አድርጎ አስገባው። ፋሼታውን እኔ አጠበቅኩ።

"አታንቂው፤ ያዢው ብቻ" አለኝ።

ከዚያ የታችኛውን ቫልቭ ከፈተ። ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ብቅ አለና ቀጥ አለ። አባቴ ግራ ገባው፤ ኋላ ግንባሩን መታ። "ላይኛውን! አየሩ መውጫ አጥቶ ነው!" ላይኛውን እኔ ከፈትኩት። ናፍጣው ትንሽ ወጣ፣ ወጣና ቆመ። መልኩ የጠራ ጠጅ ነው። አባቴ "ጠጅ ይመስላል" አለና እትዬ ማርታ የሰሙት ይመስል ዞር ዞር ብሎ አየ።

የቆመው ግን በጣም ታች ነበር፤ ከወለሉ አራት ጣት እንኳ አይሞላም። ጠበቅኩ። አልወጣም። ያን ጊዜ ልቅሶዬን ለቀቅኩት።

"አለቀ! ሚራክሉን ቆረጥከው! ቱቦው ውስጥ ነበር እኮ!"

አባቴ አልሳቀብኝም። ባዶውን ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠና ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። ፊቴን በእጅጌው ሲጠርገኝ ናፍጣ ቀባኝ። "አልቆረጥኩትም፣ ቤትዬ። ድሮም ያለው ይቺው ናት። አሁን ገና ነው ያየናት።" ትንሽ ቆይቶ፣ "አሁን ደግሞ ይኼን ለእናትሽ መንገር አለብኝ" አለ። አሮጌውን ቱቦ አንስቶ ጠረገው፤ ደግሞ ጠረገው። አባቴ የሚፈራው ነገር እንዳለ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

እናቴ መጣች። የእትዬ ማርታ መኪና ከላይ ፓርክ ሲያደርግ አየሁት፤ እናቴ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች፣ ምሳ ዕቃዋን እንዳንጠለጠለች የእንጨቱን መረማመጃ ይዛ መጣችና ከዶሮቲ አንድ እርምጃ ርቃ ቆመች። እትዬ ማርታ ከኋላዋ። አባቴ ወርዶ ፊቷ ቆመ። የተለማመደው ሁሉ ጠፋው። አሮጌውን ቱቦ ዘረጋላት።

እናቴ ተቀበለችው። ወደ ፀሐይ አነሳችው፤ ገለበጠችው፤ በአንድ ዓይኗ በውስጡ አሾለቀች። ጥቁሩ እድፍ እስከ ወገቡ፣ ከዚያ በላይ ቢጫ። ውስጡ ግን ምንም የለም፤ ባዶ ነው።

"ባዶውንም ግማሽ ነው የሚለው" አለ አባቴ። "ያን ቀንም ናፍጣ አልቆ ነው። ማጣሪያው አልነበረም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ልጅቷንም ማንም አላስጠናትም፤ እሷም እንደ እኔ ያየችውን ነው ያለችው።"

እናቴ ቱቦውን በጣቶቿ አሻሸችው። 

"አሁንስ ስንት አለ?" አለችው በመጨረሻ።

አባቴ አፉን ከፈተ። ግማሽ ሊል ነው ብዬ ፈራሁ። "ትንሽ" አለ። "ነዳጅ ማደያው ድረስ ታደርሰናለች። እሱ ደግሞ እዚያ ማዶ፣ የሚታየው ነው። ከዚያ በላይ አልምልልሽም።"

እናቴ ማዶውን አየች፣ ውሃውን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ለእኔ አቀበለችኝና እጇን ዘረጋች።

"ታዴ" አለች፣ "እስቲ ያዘኝ።"

"ሃሌ ሉያ!" አሉ እትዬ ማርታ ከኋላ። እኔ አላስቻለኝም፤ "እትዬ ማርታ፣ ናፍጣው እኮ አልቋል" አልኳቸው።

"ዝም በይ አንቺ" አሉኝ፣ የእናቴን እግር እያዩ። "ተአምር ሲሠራ አፍ አይከፈትም።"

ማደያው ደረስን። አባቴ ሲሞላ እናቴ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባልዲው ላይ ተቀምጣ ናፍጣው ቱቦው ውስጥ ሲወጣ ስታይ፣ "መጣ! መጣ! ኧረ መጣ!" እያለች ትጮህ ነበር። ከዚያ ስንነሳም አልወጣችም።

"ወርቄ፣ ነይ እንጂ! ተራራው ከደመናው ወጥቷል፣ ብቅ ብለሽ እዪው!" አለ አባቴ።

"ተራራው የትም አይሄድም። እኔ ይኼን ልጠብቅ" አለች ከታች። ትንሽ ቆይታ ጮኸች፤ "ታዴ! ከፋሼታው ሥር ይንጠባጠባል!" ቃሉን ከእኔ ሰምታ ነው።

"ካቻቢቴው ባልዲው ሥር ነው!"

ራሷ አጠበቀችው። ስትወጣ እጇ እስከ አንጓው ናፍጣ ነው። በፎጣ ጠረገችው፤ ፎጣው የእኛ ነበር፣ አውቃዋለችም፤ አጥፋ ወደ ቦታው መለሰችው። ምሳ ዕቃውን ከፈተች። ፍርፍር ነው፤ በርበሬው ከሩቅ ይጣራል።

"እጄ እኮ ናፍጣ ነው" አለች።

አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ፣ አፉን ብቻ ከፈተ። ትልቅ አድርጋ ጠቀለለችና አጎረሰችው። ቀጥላ እኔን አጎረሰችኝ፤ ናፍጣና በርበሬ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

አባቴ ውጦ ሳይጨርስ፣ "ድገሚኝ" አላት።

ደገመችው።